የ2019 ባለ ሁለት ቀለም የግድግዳ ካላንደር፦ ከእስክሪብቶ ጋር የሚገዛ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባሉ የመጻሕፍትና የንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች፣ ኮምቦልቻም እንዲሁ፣ አንድ ለየት ያለ የግድግዳ ካላንደር ተሰቅሎ ይታያል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በዓላትና አጽዋማት በአረንጓዴ፣ የአይሁድ በዓላት በሰማያዊ ታትመዋል። ሁለቱ አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ ሣጥኑ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱንም ቀለም ይይዛል። አሥራ ሦስት የወር ገጽ አለው፤ ከኋላው ኦሪትንና ሐዲስን ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ ያለበት ወፍራም ቅጠል ተያይዟል። ዋጋው 200 ብር ነው። ተራ የግድግዳ ካላንደር ከዚህ ባነሰ ስለሚገኝ፣ ትርፉ ገንዘብ የሚከፈለው ለሰማያዊው ቀለምና ለኋላው ቅጠል ነው። ምዘናውም በእነሱ ላይ ይከብዳል።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። ወፍራምና አብረቅራቂ ነው፤ ከመስኮት ትይዩ ከተሰቀለ ያንጸባርቃል፣ እስክሪብቶም ያንሸራትታል። (በዚህ ካላንደር ላይ ብዙ መጻፍ ስለሚያስፈልግ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።) በክረምት ጉሙ የጦሳ ተራራን ሲሸፍን የደሴ እርጥበት የታችኛውን ጠርዝ ይጠቀልለዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ያን ያህል አያሰጋም። ማታ በአምፖል ብርሃን አረንጓዴውና ሰማያዊው ይምታታሉ። የእስልምና በዓላት ጨርሶ የሉበትም። ደሴ ውስጥ ተሸጦ ዒድንና መውሊድን የማያሳይ ካላንደር የቤቱን ግማሽ ጥያቄ ሳይመልስ ነው የሚቀረው፤ ያም ሆኖ አዘጋጁ የሁለት እምነት ማነጻጸሪያ ነው ብሎ ስለጻፈበት በዚህ አንከሰውም።

አረንጓዴው ዓምድ ተፈትሾ ያለ ነቀፋ አልፏል። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት፣ መፈተሽ የሚፈልግ ሰው ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልገውም። 5500 ላይ 2019 ሲደመር ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7519 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፣ ካላንደሩም 6 አድርጓታል። 7519 ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበር 13። 13 በ11 ተባዝቶ 143፣ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ወጥቶ የቀረው ሲያዝ) አበቅቴ 23። 13 በ19 ተባዝቶ 247፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 7። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጡ የሆነ ቦታ ተስቷል ማለት ነው። መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ (የመለከት በዓል) በመስከረም ሳይሆን በጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 8 ነው፤ 7 እና 8 ተደምረው መባጃ ሐመር፣ የአጽዋማቱና የበዓላቱ መነሻ ቁጥር፣ 15። ከዚህ በኋላ ሁሉም ይከተላል፦ ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ሆሳዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24፣ ዕርገት ሰኔ 3፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13። ሁሉም በትክክል ታትመዋል። ግሸን ማርያምም መስከረም 21 ላይ በደማቁ ተጽፋለች። ደሴ ላይ የሚሸጥ ካላንደር ይህን ቢስት ማን ይገዛው ነበር?

ችግሩ ሰማያዊው ላይ ነው። ምንጩም አንድ ነው፦ አዘጋጁ "አይሁድ" በሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልሏል። አንደኛው በኦሪት ዘሌዋውያን 23 የተጻፈው በዓል ነው። ሁለተኛው ያንኑ ጽሑፍ ረቢዎች (የአይሁድ መምህራን) ተርጉመውት ዛሬ አይሁድ የሚያከብሩት ነው። ሦስተኛው ባሕረ ሐሳብ ውስጥ "የአይሁድ" እየተባለ የሚሰላው ነው። ሦስቱ አንዳንዴ ይገናኛሉ፣ አንዳንዴ በወር ይራራቃሉ፤ ቀለሙ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ትልቁ ስሕተት ጥቅምት 7 ላይ ይገኛል። ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ "በዓለ መጥቅዕ፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ሮሽ ሃሻና" ይላል። የመጀመሪያው ቃል ልክ ነው፤ የተቀረው አይደለም። ሮሽ ሃሻና በዚህ ዓመት የሚገባው መስከረም 1 ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ማታ ነው፤ በዓሉ መስከረም 2 እና 3 ይውላል። በካላንደሩና በእውነተኛው ቀን መካከል 35 ቀን አለ።

35 ከየት መጣ? ሠላሳው የአንድ ወር ልዩነት ነው። ሁለቱም ስሌቶች በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስተኛ ወር ይጨምራሉ፤ የሚጨምሩበት ዓመት ግን አንድ አይደለም። የአይሁድ 5787 ዓመት ወር የሚጨመርበት ነው፤ ወሩ የሚገባው ግን በክረምታቸው ማብቂያ፣ ከፋሲካቸው በፊት ስለሆነ መስከረም ላይ ገና አልተጨመረም። የባሕረ ሐሳቡ ጨረቃ ግን በዚህ ጊዜ ወሩን ጨምሮ ጨርሷል። የቀረው አምስት ቀን የቆየ ዕዳ ነው፦ የ19 ዓመት ዙር ከጨረቃዋ እውነተኛ ዑደት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ያ ትርፍ ተጠራቅሞ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ስሌቱ በእስክንድርያ ከተሠራ ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ በዓለ መጥቅዕ "ተሳስቷል" ማለት አይቻልም። ሥራው የእኛን አጽዋማትና ትንሣኤን ማውጣት ነው፤ ያንን በትክክል ያወጣል። ምኩራብ ውስጥ ቀንደ መለከት የሚነፋበትን ቀን ለማወቅ ግን አልተሠራም።

ወሩ ከተጨመረ በኋላ ሁለቱ ስሌቶች ይቀራረባሉ። ከጥቅምት 7 ተነስተን 190 ቀን ብንቆጥር የባሕረ ሐሳቡ የአይሁድ ፋሲካ ሚያዝያ 17 ላይ ያርፋል፤ ዕለቱ እሑድ ስለሆነ ትንሣኤ ወደሚቀጥለው እሑድ፣ ሚያዝያ 24 ይሻገራል። እውነተኛው የአይሁድ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 13 ረቡዕ ማታ ይገባል። አራት ቀን ብቻ! ካላንደሩ እዚህ ላይ እውነተኛውን ቀን ይዟል፤ ማለትም አዘጋጁ ለፋሲካ አንዱን ምንጭ፣ ለአዲስ ዓመት ሌላውን ተጠቅሟል። ገዢው ይህን ካላወቀ በሁለቱ ሰማያዊ ሣጥኖች መካከል ያለው ርቀት ስሜት አይሰጠውም። (የምዕራቡ ፋሲካ በዚህ ዓመት መጋቢት 19 ነው፤ ከአይሁድ ፋሲካም ቀድሞ ማለት ነው። ካላንደሩ ይህን አላነሳም፣ ቢያነሳ ኖሮ ግን "ክርስቲያን" የሚለውም ቃል አንድ ቀለም እንደማይበቃው ይታይ ነበር።)

ሁለተኛው ጉድለት ዋዜማ ነው። ሰማያዊ በዓላት ሁሉ በቀኑ ሣጥን ብቻ ተጽፈዋል፤ አይሁድ ግን ቀንን የሚጀምሩት ማታ ነው። ዘፍጥረት "ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ" ይላልና። ዋዜማ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት ቀላል ነበር። ሚያዝያ 14ን አይቶ በዚያ ቀን "መልካም ፋሲካ" የሚል ሰው ዋናው ማዕድ፣ ሴዴሩ፣ ትናንት ማታ አልፎበታል። የስርየት ቀንም መስከረም 11 ተብሎ ታትሟል፤ ጾሙ ግን መስከረም 10 ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጀምራል።

ስለዚሁ ጾም ካላንደሩ የጻፈው ማስታወሻ መታረም አለበት። "የአይሁድ ጾም" ይልና የእኛኑ የጾም ምልክት፣ ሥጋና ወተት የተሰረዘበትን ሥዕል ይለጥፍበታል። ዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) ምስር ወጥ የሚበላበት ቀን አይደለም። 25 ሰዓት ያህል ምግብም ውኃም አይቀመስም፤ ከዚህ ሌላ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ የቆዳ ጫማ ማድረግና ሩካቤ የተከለከሉ ናቸው። እኛ ዘንድ ጾም ማለት ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከልና እስከተወሰነ ሰዓት መቆየት ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ቅዳሜና እሑድ እንኳ ጥሉላት አይበላም፣ ከቀዳም ሥዑር በቀር ግን እስከ ሰዓት አይጾምባቸውም። አይሁድ ዘንድ ጾም ማለት ባዶ ሆድ ነው። አንዱን ምልክት ለሁለቱም መጠቀም ሁለቱንም ያሳስታል።

"ስርየት = ስቅለት" የሚለው እኩልነትም እዚያው ገጽ ላይ አለ። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 9 እና 10 ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገባበትን መቅደስ ከክርስቶስ መሥዋዕት ጋር ስለሚያያይዝ ነገሩ መሠረት የለሽ አይደለም። ነገር ግን ስቅለት የተፈጸመው በፋሲካ ሰሞን ነው፤ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 5፥7 ክርስቶስን "ፋሲካችን" ይለዋል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ምሳሌ በአንድ ቀን ትሰበስባለች። አይሁድ ዘንድ ግን መቅደሱ በ70 እ.ኤ.አ. ከፈረሰ ወዲህ በስርየት ቀን ይቀርቡ የነበሩት ሁለቱ ፍየሎች የሉም፤ የዘሌዋውያን 16ን ቦታ የያዙት ንስሐ፣ ጸሎትና ጾም ናቸው። የልዩነቱ እምብርት እዚህ ነው፤ ካላንደሩ በእኩል ምልክት ዘልሎታል።

ስለ በጉም እንደዚሁ። የሚያዝያው ገጽ ሥዕል አንድ አባወራ በግ ሲያርድ ያሳያል፤ "አይሁድ ዛሬም በፋሲካ በግ ያርዳሉ" ይላል። በረቢዎቹ ሥርዓት መሥዋዕት ከመቅደስ ውጭ አይፈቀድም፤ በሴዴር ሣህን ላይ የሚቀመጠው የተጠበሰ አጥንት ነው፣ ለመታሰቢያ። እስከ ዛሬ የሚያርዱት ሳምራውያን ናቸው፣ በገሪዛን ተራራ። የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቄሶችም እዚሁ ኢትዮጵያ ሳሉ መሥዋዕቱን ይፈጽሙ ነበር። ማለትም ሥዕሉ ለጎንደር መንደር ልክ ነው፣ ለኢየሩሳሌም ግን አይደለም።

ስለ ቂጣው የተጻፈው ማስታወሻ የተሻለ ነው። የፋሲካ ቂጣ ውኃ ዱቄቱን ከነካበት ደቂቃ ጀምሮ በ18 ደቂቃ ውስጥ መጋገር እንዳለበት፣ ክልክል የሆነው እርሾም የአምስት እህሎች፣ የስንዴ፣ የገብስና የዘመዶቻቸው እንደሆነ ይገልጻል። ጤፍ በእነዚህ አምስቱ ውስጥ የለም። ቤተ እስራኤል ግን የረቢዎቹን ዝርዝር ሳይሆን የኦሪቱን ቃል ስለሚከተሉ የቦካ እንጀራ ትተው ቂጣ ይበሉ ነበር። አዘጋጁ እዚህ ከደረሰ በኋላ አንድ እርምጃ ቢጨምር ጉልባንን ባገኘ ነበር! ጸሎተ ሐሙስ ቀን ክክ ባቄላና ስንዴ ተቀቅሎ፣ ጨው ጠንከር ብሎበት የሚበላው፣ እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ሊጥ እስኪቦካ ጊዜ ማጣታቸውን ለማስታወስ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። በዚህ ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ሚያዝያ 21 ነው፤ ከእስራኤል ውጭ ላሉ አይሁድ የቂጣው በዓል ስምንተኛና መጨረሻ ቀን። አንድ መታሰቢያ፣ ሁለት ማዕድ፣ አንድ ቀን። ሣጥኑ ለሁለት መከፈል የነበረበት እዚህ ነበር፤ ሙሉው አረንጓዴ ነው።

ይልቅስ የተከፈለው መስከረም 16 ነው። በአንድ በኩል ደመራ፣ በሌላ በኩል የዳስ በዓል፣ መካከላቸው ላይ ደግሞ የመያያዝ ቀስት። ይህ ግጥምጥሞሽ ነው። በ2018 የዳስ በዓል መስከረም 27 ነበር የዋለው፤ ደመራ ግን ከመስከረም 16 ንቅንቅ አይልም። የዳስ በዓል ዘመዱ ሌላ ቦታ ነው። ዘሌዋውያን 23፥40 "የመልካም ዛፍ ፍሬ"፣ የሰሌን ቅርንጫፍ፣ የለመለመ ዛፍ ቅርንጫፍና የወንዝ አኻያ ያዙ ይላል። ረቢዎች "መልካም ዛፍ" ያሉት ትርንጎ ነው ብለው ወሰኑ፤ ለምለሙ ዛፍም ባርሰነት ነው አሉ። አይሁድ እነዚህን ይዘው እየዞሩ በመዝሙር 117 (በእነሱ ቁጥር 118) ያለውን "አቤቱ፥ እባክህ አድን" የሚለውን ቃል ያዜማሉ። ሆሳዕና ማለት ይኸው ነው። የበዓሉ ሰባተኛ ቀን ስሙ ራሱ "ታላቁ ሆሳዕና" ነው፤ በዚህ ዓመት መስከረም 22፣ የግሸን ማግስት ይውላል። ዘንባባውና ቃሉ አንድ፣ ቀኑ ግን በሰባት ወር ገደማ የተራራቀ። ቀስት ማስመር ከተፈለገ ከመስከረም 22 ወደ ሚያዝያ 17 ነበር።

የዳሱ ሥዕልም አይሆንም፤ ከቆርቆሮ በረንዳ ሥር ነው የተሣለው። ዳሱ ከሰማይ በታች መሆን አለበት። ጣሪያው ከመሬት የበቀለና የተቆረጠ ነገር፣ ቅርንጫፍ ወይም ሸምበቆ፣ ጥላው ከፀሐዩ የሚበልጥ ሆኖ የተሠራ ይሁን ይላል ሕጉ። ዛፍ ሥር ወይም ጣሪያ ሥር የተሠራ ዳስ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ዳስ መጣል የሚያውቅ የደሴ ሰው በቀላሉ የሚረዳውን ነገር ሠዓሊው አወሳስቦታል።

ሰኔ ላይ ካላንደሩ ሁለት በዓለ ኀምሳ አስቀምጧል፦ የአይሁዱ ሰኔ 4፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13። ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም፣ የሁለቱን እምነት አነባበብ እንደዚህ የሚያሳይ ሌላ ጥቅስ ደግሞ የለም። ዘሌዋውያን 23፥15 "ከሰንበት ማግሥት" ጀምራችሁ ቁጠሩ ይላል። የትኛው ሰንበት? ረቢዎች የፋሲካው የመጀመሪያ የዕረፍት ቀን ነው አሉ፣ ቅዳሜ ባይሆንም። ቤተ እስራኤል በዓሉ ካለቀ በኋላ ነው ብለው ስለሚቆጥሩ የእነሱ ስድስት ቀን ይዘገያል። ቤተ ክርስቲያን ከትንሣኤ እሑድ ጀምራ ስለምትቆጥር ሃምሳኛው ሁልጊዜ እሑድ ይውላል። አንድ ጥቅስ፣ ሦስት ቀን።

ስለ ሐኑካ፣ ስለ መቅደሱ መታደስ በዓል፣ የቀረበው ማስታወሻ አንባቢን ባዶ እጁን ይመልሰዋል። የመጀመሪያው መብራት የሚበራበት ኅዳር 25 ማታ መሆኑን ትቶ ኅዳር 26ን ጽፏል፣ እሱ ይሁን። ታሪኩን ግን "መጽሐፈ መቃብያንን ይመልከቱ" ይላል። የእኛ መቃብያን ከግሪኩ መቃብያን ጋር በስም እንጂ በታሪክ አንድ አይደሉም፤ የመቅደሱ መታደስ የሚተረከው በግሪኩ ነው። ይህን ማስታወሻ አምኖ ሦስቱንም መቃብያን የሚያገላብጥ ሰው በዓሉን አያገኘውም። ዮሐንስ 10፥22 ቢጠቀስ ይበቃ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ የለም። ሐኑካን፣ ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳሉ የማያውቁትን በዓል ያሳተመ የአማርኛ ካላንደር፣ ስሙ ከግእዝ የተወሰደውን፣ በተራራ ላይ ኦሪት በግእዝ ይነበብበት የነበረውን፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስራኤል ውስጥ በሕግ የታወቀውን በዓል መዝለሉ ምን ይባላል? ስግድ ከስርየት ቀን ሃምሳኛው ላይ ነው፤ በዚህ ዓመት ጥቅምት 30፣ ሰኞ።

ወደ ኋላው ቅጠል። ሰንጠረዡ ከላይ በትልቁ "አይሁድ ሕግን ይጠብቃሉ፤ ክርስቲያን በጸጋ ነው" ይላል። ወሎ ውስጥ ይህን አንብቦ የሚስማማ ክርስቲያን ቢኖር የአሳማ ሥጋ መብላት የጀመረ መሆን አለበት። ቤተ ክርስቲያናችን በስምንተኛው ቀን ትገርዛለች፣ የጌታንም ግዝረት ጥር 6 ታከብራለች፤ ወንድን በ40 ሴትን በ80 ቀን ክርስትና ታነሳለች። 40ው 7 እና 33፣ 80ው 14 እና 66 ሲደመሩ ነው፤ ዘሌዋውያን 12። ይህ ሁሉ ሰንጠረዡ ውስጥ የለም። የልዩነቱ መልስ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፈው የእምነት መግለጫ ውስጥ አለ፦ ግዝረቱ የአገር ልማድ ነው፣ ሰንበቱን የምናከብረው እንደ አይሁድ ሳይሆን ቅዳሴ እየቀደስን ነው፣ የአሳማ ሥጋ የማይበላውን እንዲበላ አናስገድድም፣ የሚበላውንም ርኩስ አንለውም። ሥርዓቱ አለ፣ ድኅነት ግን በእሱ አይደለም።

በሌላው ወገንም አርእስቱ ይስታል። በረቢዎች ትምህርት 613ቱ ትእዛዛት የተሰጡት ለእስራኤል ነው። ዘጸአት 31፥17 ሰንበትን "በእኔና በእስራኤል ልጆች መካከል" ምልክት ይለዋል። አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የሚጠየቀው ለኖኅ ልጆች ተሰጡ በሚባሉት ሰባት ሕግጋት ነው። ስለዚህ አንድ ረቢ ደሴ መጥቶ ቅዳሜ የሚያርስ ሰው ቢያይ "ሕግ ጣስክ" አይለውም። ቄሱ ግን ይሉታል! በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተወሰነው፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች የታገሉለት፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ነውና።

የሰንበቱ ረድፍ "ሥራ አይሠራም" በሚል ብቻ ተዘግቷል። አይሁድ ሥራን በ39 ዓይነት ከፍለው ነው የሚከለክሉት። አንድ የቡና ሥርዓት ብቻውን ሦስቱን ይጥሳል፦ እሳት ማቀጣጠል፣ መቁላትና ማፍላት (ማብሰል)፣ መውቀጥ (መፍጨት)። እኛ ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ቡና የማይፈላበት ቤት የትኛው ነው?

የመብሉ ረድፍ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። የማይበሉት እንስሳት ዝርዝር ጥሩ ነው፤ ደምም በዘሌዋውያን 17 እና በሐዋርያት ሥራ 15፥29 በሁለቱም ወገን መከልከሉን ጠቅሷል። አይሁድ ሥጋውን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ አንድ ሰዓት ጨው ነስንሰው፣ ሦስት ጊዜ እንደሚያለቀልቁት ግን አልነገረንም። ስለ ወተትና ሥጋ የጻፈው "ጠቦትን በእናቱ ወተት አይቀቅሉም" ብቻ ነው። ጥቅሱ ይህ ነው፤ ልማዱ ግን ሥጋና ወተትን በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ድስትም አያገናኝም፤ ሥጋ ከበሉ በኋላም ብዙዎቹ ስድስት ሰዓት ይቆያሉ። ክትፎ በአይብ ከነጭራሹ አይታሰብም። ዶሮ ወጥ በንጥር ቅቤም ክልክል ነው፤ ዶሮ ወተት ባይኖራትም ረቢዎች ሕጉን ወደ እሷ አስፍተዋል። ሥጋ ቤት ሁለት ዓይነት በሆነበት ከተማ፣ መስቀል ያለበትና ጨረቃ ያለበት፣ ለእንዲህ ያለ እንግዳ ሦስተኛ በር የለም። የሚቀርበው የረቡዕና የዓርብ የጾም ምግብ ነው፤ ሥጋም ወተትም ስለሌለው። ድስቱ ግን ትናንት ቅልጥም ከቀቀለ አሁንም ችግር ነው።

እንግዲህ ካላንደሩን የገዛ ሰው አብረቅራቂ ወረቀት ላይ የማይንሸራተት ቋሚ ማርከር ይዞ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ጥቅምት 7 ላይ "ሮሽ ሃሻና" የሚለውን ሰርዞ በዓለ መጥቅዕን ብቻ ያስቀር፤ መስከረም 2 እና 3 ላይ ሮሽ ሃሻናን ይጻፍ። መስከረም 2 ሰንበት ስለሆነ ቀንደ መለከቱ የሚነፋው በ3 ነው። በእያንዳንዱ ሰማያዊ በዓል ዋዜማ ላይ ትንሽ ነጥብ ያድርግ። የመስከረም 11ን የጾም ምልክት ያጥፋ፤ የመስከረም 16ን ቀስት ይሰርዝ። ጥቅምት 30 ላይ ስግድን ይጨምር፤ ሚያዝያ 21ን ለሁለት ይክፈል። በጉን እንዳለ ይተወው፣ ሥሩ ላይ "ቤተ እስራኤልና ሳምራውያን" ብሎ ይጻፍበት።

ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ከዚህ እርማት ጋር ዋጋውን ያወጣል። በቀላሉ የጾምና የበዓል ቀን ብቻ ለሚፈልግ ቤት ግን ተራው ካላንደር ይበቃል፤ አረንጓዴው ዓምድ እዚያም አንድ ነው። ዓመተ ዓለሙ አናት ላይ "7519 / 5787" ተብሎ ያለ ማብራሪያ መታተሙ ብዙ ጠያቂ ያመጣልና መልሱን ይያዙ፦ የ1,732 ዓመቱ ልዩነት በዋናነት የመጣው በዘፍጥረት 5 እና 11 የአበው ዕድሜ በሰባ ሊቃናት ትርጉም ከዕብራይስጡ ስለሚበልጥ ነው።

አዘጋጁ የ2020ውን ሲያሰናዳ የዘንድሮውን 35 ቀን ይዞ እንዳይቀጥል። መጥቅዕ 26 ይሆናል፣ በመስከረም፤ ሮሽ ሃሻና ደግሞ መስከረም 21፣ ልክ በግሸን ዕለት። ልዩነቱ ተመልሶ አምስት ቀን ነው።